መርዶን ስለ መሸሸግ

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከጉባኤያችን ወጣቶች አንዲቱ ከማታው ጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ታላቅ እኅቷ ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዚያው ሳምንት እንደ ሞተች አብራት ትሠራ የነበረች የአገር ልጅ ለአጎታቸው በስልክ ነገረችው። አጎትዮውና ዘመዶቹ ተሰብስበው መከሩና እናቲቱ ደም ብዛት ያለባቸው ስለ ሆኑ ፋሲካ እስኪያልፍ፥ ምናልባትም ሬሳው እስኪመጣ ድረስ አንዳች ነገር እንዳይሰሙ ቈረጡ። ልጅቱም፥ «እማዬ በየማታው ‹እኅትሽ ደውላለች?› ትለኛለች፤ እኔም ‹ደውላለች፥ ደኅና ናት› እላታለሁ። ይህ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» አለችኝ።

እኔ በሴሚናሪ ቤት ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ ብዙ ገጽ የጻፍሁ፥ በየዓመቱም ያንኑ ትእዛዝ ለልጆች የማስተምር ሰው ስሆን፥ ለዚህች ልጅ ወዲያው የምመልስላት ቃል አላገኘሁም። «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ ሰደድኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን የእርሷ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ የገዛ ቤታችን ነገር ነበር። እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላወጣሁትም፤ እኅቴም እንዳወጣው የምትወድ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ግን ልማዳችንን ላመስግን፤ ምስጋና ይገባዋልና። በደጋው አገራችን መርዶ እንደ ሌላው ወሬ በአፍ አይወረወርም። ነገሩን የሰሙት ሰዎች በቀጥታ ወደ ባለ ኀዘኑ ቤት አይሄዱም፤ ወደ አንድ አስተዋይ ዘመድ ወይም ወደ ጐረቤት ሽማግሌ ይሄዳሉ። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ይማከራሉ፤ ድንኳኑን የሚያስተክል ማን እንደ ሆነ፥ ባለ ኀዘኗን አቅፈው የሚይዟት ሴቶች እነማን እንደ ሆኑ፥ ልቧ የሚደክም ከሆነም ከጤና ጣቢያ ማን እንደሚጠራ አስቀድመው ይወስናሉ። በዋዜማው ማታ አንዲት ጐረቤት ሰበብ ፈልጋ ትመጣና አብራት እራት ትበላለች፤ በባዶ ሆዷ እንዳታለቅስ ነው። ከዚያም ጎሕ ሲቀድ፥ ገና ቡና ሳይፈላ፥ ሽማግሌዎቹ ከፊት ሕዝቡም ከኋላ ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። ስለ ምን በማለዳ? ቢሉ፥ ቀኑ ሙሉ ከፊቷ ስላለ ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻዋን እንዳትጋፈጠው፥ ፀሐይ እስክትጠልቅም በሰው መካከል አልቅሳ እንድትደክም ነው። ይህን ሥርዓት ያወጡልን አባቶችና እናቶች የነፍስ ሐኪሞች ነበሩ እላለሁ፤ ስለ ኀዘንተኛ አጠባበቅ በትምህርት ቤት ከተማርነው ብዙው በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ወገኖቻችን ይህንኑ ወደ ባሕር ማዶ ይዘውት ሄደዋል። በዋሽንግተን ያለ ሰው አባቱ በአገር ቤት ሲሞትበት ጓደኞቹ ከአሠሪው ፈቃድ ለምነው፥ ከሥራቸው ቀርተው፥ ሊነጋ ሲል ተሰብስበው በሩን ይመታሉ። አሁን ግን ስልኩ ከሽማግሌዎቹ እየቀደመ አስቸግሯል። አንድ ችኩል ዘመድ የሟቹን ፎቶግራፍ ከሻማ ሥዕል ጋር በፌስቡክ ያወጣል፤ ልጁም በአውቶቡስ ተቀምጦ የአባቱን ሞት ከማያውቀው ሰው ያነባል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ክርክርም አያሻውም።

ነገር ግን መልካሙ ልማዳችን አንድ የተሰወረ ቀዳዳ አለው፤ ይኸውም «ነገ በማለዳ» የሚለው ቃል «ከሰንበት በኋላ» ወደሚለው፥ እርሱም «ከበዓሉ በኋላ» ወደሚለው ሲለወጥ የሚከለክለው ማንም አለመኖሩ ነው። እኛ ቤት የሆነው እንዲህ ነው።

ታላቅ ወንድሜ፥ ወንድም ጋሼ የምንለው፥ በ1991 ዓ.ም. ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የነበረው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ በባድመ ከተነሣ አንሥቶ በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ከሁለቱ ወገን በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶችን በልቷል። የወንድሜ መጨረሻ ደብዳቤ የደረሰን በ1992 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው፤ ስለ በሬዎቹና ስለ እኔ ትምህርት ይጠይቅ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በየካቲት አንድ የጦር ጓደኛው በምርኵዝ እየተደገፈ ከደሴ ወደ መንደራችን መጣ። እንደ ልማዳችን ወደ ቤታችን አልመጣም፤ ወደ አጎታችን ሱቅ ሄደ። ወንድሜ በግንቦት ወር እንደ ወደቀና እርሱ በገዛ እጁ እንደ ቀበረው ተናገረ።

በዚያው ወር እናቴ ግማሽ አካሏ ዝሎ ተኝታ ነበር፤ ሐኪሙም እንዳትደነግጥ አስጠንቅቆን ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «እስክታገግም ድረስ ይቆይ» አሉ። ይህ ፍርድ በዚያ ቀን ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዚያው ቀን እንደዚያው እፈርድ ነበር። እናቴ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት በሰኔ ወር ተነሥታ ጓሮዋን ትኰተኵት ጀመር፤ እኛም ያን ጊዜ የእኅቴን ሠርግ ምክንያት አደረግን። ከሠርጉ በኋላ ክረምት ገባ። ከክረምቱ በኋላ አዲስ ዓመት ሆነ፤ በእንቍጣጣሽ መርዶ የሚናገር ማን ነው? ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላም «እስከ አሁን የት ነበራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከሞቱ ይልቅ አስፈሪ ሆነብን። መርዶ እንደ አራጣ ብድር ነው፤ በቆየ ቍጥር ወለዱ ከዋናው ይበልጣል።

እናቴ፥ ወንድሜ ተማርኮ በዚያ በኩል ታስሮ እንዳለ ታምን ነበር። በየማታው ምንባቡ ከተነበበ በኋላ የቤታችንን ጸሎት የምትዘጋው እርሷ ነበረች፤ «ልጄን ባለበት ስፍራ ጠብቅልኝ፥ ለጠባቂዎቹም ርኅራኄን ስጣቸው» ትል ነበር። እኛም በዙሪያዋ ተቀምጠን፥ የሞተ መሆኑን እያወቅን፥ «አሜን» እንል ነበር። በቤተ ክርስቲያንም የምልጃ ጸሎት ሲደርስ ተነሥታ ስሙን ትጠራለች፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ያልነበረበት ጉባኤ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላል። ለሰው የሚነገር ሐሰት እንዴት እንደሚቀል ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አሜን ግን ሰበብ የሚሆን ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ እናቴን ያታለልነው ወደ እግዚአብሔር ፊታችንን መልሰን ነበርና።

በ2001 ዓ.ም. ለአገልግሎት እጅ የተጫነብኝ ዕለት ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «አሁን የእግዚአብሔር ሰው ሆነሃል፤ ሌላው ቢዋሸኝ አንተ አትዋሸኝም። ወንድምህ አለ ወይስ የለም?» አለችኝ። እኔም «እማዬ፥ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኋት። ቃሉ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። በአፌ እውነትን ተናግሬ በልቤ ሐሰትን ያደረግሁበት ቀን ከዚያ የሚብስ የለኝም። እርሷም ጥቂት ጊዜ አይታኝ መብራቱን አጠፋች።

አቤሴሎም በሞተ ጊዜ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ወሬውን ለዳዊት ላድርስ ብሎ ኢዮአብን እንደ ለመነው በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ኢዮአብ የንጉሡ ልጅ ስለ ሞተ ዛሬ ወሬ ነጋሪ አትሆንም ብሎ ከለከለው፤ በእርሱም ፋንታ ኩሻዊውን ሰደደው። አኪማአስ ግን አጥብቆ ለምኖ ሮጠ፥ በሜዳውም መንገድ ሄዶ ኩሻዊውን ቀደመው። ደርሶም ስለ ሰላምና ስለ ድል ተናገረ፤ ንጉሡ ስለ ልጁ ደኅንነት በጠየቀው ጊዜ ግን ትልቅ ሽብር እንዳየ፥ ምን እንደ ነበረ ግን እንደማያውቅ መለሰ። የካህን ልጅ ነው፤ ሯጭ ነው፤ ንጉሡም መልካም ሰው ይለዋል፤ ነገር ግን ወደ ደጁ ሲደርስ አንደበቱ ታሰረ። እውነቱን የተናገረው ከኋላው የመጣው ባዕዱ ኩሻዊ ነው። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቍጥር ንጉሡ አኪማአስን ዘወር ብለህ ቁም ያለበት ስፍራ ላይ ስደርስ ፊቴ ይቃጠላል። ዘወር ብዬ የቆምሁት ሰው እኔ ነኝ።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ የእኛኑ ነገር አንሥቶታል። አንድ ሰው በጽኑ ታሞ ተኝቷል፤ የሚወደው አንድ ልጁ ሞቷል፥ እርሱ ግን አላወቀም። ልጄ በሕይወት አለን? ብሎ ቢጠይቅህና እውነቱን ብትነግረው እንደሚሞት ብታውቅ ምን ትመልሳለህ? ሞቷል፥ አለ፥ አላውቅም ከማለት በቀር መልስ የለህም፤ ከሦስቱም ሁለቱ ሐሰት ናቸው። አውግስጢኖስ ይህ ጥያቄ የሰውነት አንጀቱን እንደሚያላውሰው አይሸሽግም። ሆኖም ሐሰት አይፈቀድም ይላል፤ አንድ ጊዜ ለርኅራኄ ብለን በሩን ከከፈትንለት በጥቂት በጥቂቱ እየሰፋ እንደሚገባ ስለሚያይ ነው። ይህን የጻፈው ልብ የሌለው ሰው አይደለም፤ አዴዎዳቱስ የሚባለውን አንድ ልጁን ገና በጕብዝናው ሳለ ቀብሮታል።

ሉተር በዚህ ነገር ከአውግስጢኖስ ይልቅ ገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1535 እስከ 1545 ድረስ መጽሐፈ ዘፍጥረትን ሲያስተምር፥ ባልንጀራን ከክፉ ለማዳን የሚነገረውን ሐሰት ለመጉዳት ከሚነገረው ለይቶ በቀላል ዐይን ያየዋል። አጎታችን ይህን ከእኔ ከሰሙ በኋላ በየጊዜው ይጠቅሱብኝ ነበር፤ የዕብራውያንን ሕፃናት ያዳኑትን የግብፅ አዋላጆችም ይጨምሩ ነበር። ነገር ግን አዋላጆቹ የዋሹት ለማን ነው? ሕፃናቱን ሊገድል ለሚሻው ለፈርዖን ነው። እናቴ ፈርዖን አልነበረችም። ከእርሷ ያዳንነው ሰው የለም፤ ራሳችንን ከጩኸቷ ካዳንን በቀር።

ከሉተር ትምህርት ይልቅ የራሱ መርዶ ብዙ አስተምሮኛል። በ1530 በኮቡርግ ምሽግ ተቀምጦ ሳለ የአባቱን ሞት የሚነግር ደብዳቤ ደረሰው። አንብቦም መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባና እስኪበቃው አለቀሰ፤ በማግሥቱም ራሱን ታመመ። መዝሙር ይዞ መግባቱን ልብ በሉ። መርዶ የተነገረው ሰው የትኛውን መዝሙር እንደሚገልጥ ያውቃል። እናቴ ግን በእኛ ምክንያት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላውን መዝሙር ስትዘምር ኖረች።

አሥራ ሰባተኛው ዓመት የመጣው በደስታ ወሬ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው የጦርነቱ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቁ፤ ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ የነበረው የስልክ መሥመርም ተከፈተ። ሰው የማያውቀውን ቍጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ሁላችን እናስታውሳለን። እኔ ደስታዬን ሳልጨርስ ከቤት ተጠራሁ። እናቴ የወንድሜን ጋቢ አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፤ የስልክ ካርድ አስገዝታ ይዛለች። «ደውልልኝ፤ የሚያነሣው ሰው ማንም ይሁን፥ እስረኞቹ የት እንዳሉ እኔ እጠይቀዋለሁ» አለችኝ።

ያን ማታ ለአጎታችንና ለእኅቴ «ነገ ሽማግሌ ካልተሰበሰበ እኔ ብቻዬን እነግራታለሁ» አልኋቸው። እኅቴ ስለ ሱነማዊቲቱ ሴት አነሣችብኝ፤ ልጇ ሞቶ ሳለ ለባሏ «ሰላም ነው» አላለችምን? አለችኝ። ብላለች፤ ነገር ግን እርሷ የሸሸገችው ወደ ነቢዩ እስክትሮጥ ድረስ ለጥቂት ሰዓት ነው፥ ለአሥራ ሰባት ዓመት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነገርናት። የጦር ጓደኛውም ከደሴ ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ ጠጕሩ ሸብቷል።

እንደ ፈራነው አልወደቀችም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ወደ ጓደኛው ዘወር ብላ «ስትቀብረው የሸፈነው ነገር ነበርን?» አለችው። «በራሴ ካፖርት ጠቅልዬዋለሁ፥ እናቴ» አላት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ልቅሶው ካለፈ በኋላ በሰልስቱ ማታ፥ ሰው ሲቀልል፥ እንዲህ አለችኝ፦ «ሞቱን አልከስሳችሁም፤ ሞት የእግዚአብሔር ነው። የወሰዳችሁብኝ ጸሎቴን ነው። ለአፈር ጠባቂ ስለምን ኖርሁ፤ አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ አሜን አልኸኝ።» የምመልሰው አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ኖራ በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ዐረፈች። እኅቴ መርዶው እንዳሳጠራት ታምናለች፤ በቀብሯም ቀን «ደስ ይበልህ፥ እውነትህን ነገርሃት» ብላኛለች። በሰማንያ ዓመት አፋፍ ላይ የነበረች ድውይ ሴት ነበረች ብዬ ልከራከራት እችል ነበር፤ አልተከራከርሁም። እኔ ግን በእነዚያ ወራት የማታ ጸሎቷን ሰምቻለሁ። ስለ ወንድሜ ስትናገር «ሰጥተኸኝ ነበር» ማለት ጀምራ ነበር፤ ጋቢውንም ለአንድ ብርድ ለሚመታው የጐረቤት ልጅ ሰጠችው። አሜን ለማለትም አልፈራም ነበር።

መርዶ ማጣት ምን እንደ ሆነ አገራችን ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤት ተምራለች። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ስልኩም መንገዱም ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደ ደሴ በደረሰ ጊዜ በእኛም አካባቢ ልጅ ከወላጅ ተለያየ። አንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ የልጃቸውን ወሬ አጥተው ከሰነበቱ በኋላ «እንግዲህ መርዶም ቢሆን ይምጣልኝ» ሲሉኝ፥ እኛ ከእናታችን የሸሸግነውን ነገር እኚህ ሰው እንደ ምጽዋት ሲለምኑት ሰማሁ። በትግራይም በጦርነቱ የወደቁት ተዋጊዎች መርዶ ለየቤተ ሰባቸው በይፋ የተነገረው በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ የፕሪቶርያው ስምምነት ከተፈረመ ዓመት ሊሞላው ሲል ነበር፤ ሦስት ቀንም የኀዘን ቀን ሆኖ ታወጀ። በየሰፈሩ በአንድ ሰሞን ስንት በር እንደ ተንኳኳ ሳስብ፥ ያን ያህል ወራት በየቤቱ ሲጸለይ የነበረውንም ጸሎት አስባለሁ።

በማግሥቱ ልጅቱ መጣች። የእኔን ነገር በአጭሩ ነገርኋት። «ከዛሬ ጀምሮ ‹ደውላለች› አትበያቸው፤ ቢጠይቁሽ ‹ዛሬ አትጠይቂኝ፥ እማዬ፥ አብሬሽ ልተኛ› በያቸው» አልኋት። ይህ ፍጹም መልስ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ አውግስጢኖስ ቢሰማ ምናልባት አይወድልኝም። ነገር ግን እስከ ማለዳ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፥ የሌለ ስልክ ማስጮኽ ሌላ ነገር ነው። ከዚያም ወደ አጎትዮው ሄድሁ። ብዙ ተከራከሩኝ፤ «ቄስ፥ ልብ ድካም ቢይዛቸው በማን ይላከካል?» አሉኝ። «በእኔ ይሁን» አልኋቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አብራን እንድትመጣ ተስማማን፤ ቀኑም ሐሙስ ሆነ። ረቡዕ ማታ አንዲት ጐረቤት ሽሮ ይዛ ሄዳ አብራቸው በላች።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በሩን ስናንኳኳ ጕልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቲቱ ነጠላቸውን ደርበው ራሳቸው ከፈቱ፤ እኛን አዩ፥ ከኋላችን የቆመውን ሕዝብ አዩ፥ ምንም ሳንናገር በደጃፉ መድረክ ላይ ተቀመጡ። እኔም ልጃቸው እንዳረፈች ነገርኋቸው። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሲጠጉ በእጃቸው ከለከሉና ወደ ታናሺቱ ልጅ ቀና ብለው «በዚያ ሰሞን ደውላለች አላልሽኝምን?» አሏት።

ልጅቱ ከእግራቸው አጠገብ ተንበረከከች። «ዋሽቼሽ ነው፥ እማዬ» አለቻቸው። እርሳቸውም እጇን ያዙ፤ ድንኳኑ ተተክሎ እስኪያልቅ ድረስም አለቀቋትም።